«አወጣሁ አወረድሁ» በእንግሊዝኛ፦ ጥልቅ ማሰብን የሚገልጹ ግሶችን የመምረጫ መመሪያ

አማርኛ ተናጋሪ ሰው በሐሳብ መዋጡን ለመናገር ቃል አይቸግረውም። ያሰላስላል፣ ያመዛዝናል፣ ያውጠነጥናል፣ ያብላላል፣ ይመሰጣል፣ ይተክዛል፣ ይብሰለሰላል፣ ይቆዝማል፤ አንዱንም በሌላው ቦታ አያስገባም። «የቦርዱ አባላት በበጀቱ ላይ ሦስት ቀን ቆዘሙ» የሚል ዜና ብናነብ ጋዜጠኛው ሊያሾፍ ፈልጎ ነው እንላለን እንጂ «ቆዘመ» እና «መከረ» ያው ማሰብ ናቸው ብለን አናልፍም። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ግን ይህ ጥንቃቄያችን ይጠፋል። «ቲንክ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ሲደጋገምብን የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር እንከፍትና ረዘም ያለውን ወይም እምብዛም ያልተለመደውን መርጠን እንሰካለን።

እኔም ከዚህ አላመለጥሁም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ እንድጀምር ሲጋብዘኝ፣ መልስ ለመስጠት ሁለት ቀን ፈልጌ «አይ አም ብሩዲንግ ኦቨር ዩር ኦፈር» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለልኝ፤ ደዋይዋም ትሕትና በተሞላ ድምፅ «በደመወዙ ቅር ተሰኝተው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ «እያሰብሁበት ነው» ያልሁ መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን ያነበበችው «ባቀረባችሁልኝ ነገር ተክዤ ተቀምጫለሁ» የሚል ነው። በዝርዝሩ ላይ «ብሩድ» እና «ኮንሲደር» ጎን ለጎን ተቀምጠው ስላየሁ አንድ ናቸው ብዬ ነበር።

ከዚህ በታች የማቀርበው መንገድ ለማመልከቻ ደብዳቤ፣ አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ድርሰት፣ ለመሥሪያ ቤት ኢሜይል ወይም ለትርጉም ሥራ የሚጠቅም ሲሆን መነሻው እንግሊዝኛው ሳይሆን ጸሐፊው አስቀድሞ የሚያውቀው የአማርኛ ግስ ነው።

በመጀመሪያ፦ ዝርዝሩን ዘግተው ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይጻፉ

የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ለምን እንደሚያሳስት ማወቅ ይጠቅማል። የዚህ ዓይነቱን መዝገብ በሰፊው ያስለመደው እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1852 ሥራውን ሲያሳትም፣ ቃላቱን በሐሳብ ዝምድናቸው እየሰበሰበ ደረደራቸው እንጂ ፍቺ አልጻፈላቸውም። መዝገቡ የሚያገለግለው ቃሉን ከነጣዕሙ የሚያውቀውን፣ ግን «አፌ ላይ ነበር» እያለ የሚፈልገውን ሰው ነው። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው እዚያ ውስጥ ሲገባ፣ ስያሜ ያልተለጠፈባቸው የቅመም ብልቃጦች ባሉበት ማድ ቤት እንደሚሠራ እንግዳ ይሆናል፤ በርበሬውንም ኮረሪማውንም በመልኩ ብቻ ይገምታል።

ስለዚህ ሊሉት የፈለጉትን መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፉት። በቅርቡ አንድ ወጣት ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን ደብዳቤ እንዳይለት ጠይቆኝ ነበር፤ እዚያ ውስጥ «አይ ሩሚኔትድ ቱ ሊቭ ማይ ጆብ ፎር ቱ ይርስ» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። «በአማርኛ ብትለው እንዴት ትለዋለህ?» አልሁት። «ሥራዬን ትቼ ልማር ወይስ እዚያው ልቆይ እያልሁ ሁለት ዓመት ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ» አለ። ይህ ንጹሕና ግልጽ ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ አራት ነገሮችን ጠየቅሁት፦ በሐሳቡ መጨረሻ ላይ ውሳኔ አለ ወይ? ያሰብኸው ብቻህን ነው ወይስ ከሰው ጋር መክረህ? ያለፈውን ነው ወይስ ገና የሚመጣውን? ማሰቡ ራሱ ሕመም ነበረበት ወይ? መልሱ ውሳኔ አለው፣ ብቻዬን ነው፣ የሚመጣውን ነው፣ ሕመም የለውም የሚል ሆነ። እነዚህ አራት መልሶች ከተገኙ ከምርጫው የሚበልጠው ክፍል አልቋል፤ በዝርዝሩ ካሉት አሥራ አምስት ያህል ግሶች አሥሩ በራሳቸው ይወድቃሉ።

ሁለተኛ፦ ሚዛን ያለበት ማሰብ መሆኑን ይለዩ

አማርኛ «መዘነ» ከሚለው «አመዛዘነ» የሚለውን እንዳወጣ፣ እንግሊዝኛም ብዙ የማሰብ ቃላቱን ያገኘው ከገበያ ሚዛን ነው። «ዌይ» ቀጥታ መመዘን ነው፤ «ፖንደር» ክብደት ከሚል የላቲን ቃል የመጣና በአሜሪካ ሥጋና ቅቤ የሚለካበት የ«ፓውንድ» ዘመድ ነው፤ «ዴሊበሬት» ደግሞ ሚዛን የሚል የላቲን ቃል በውስጡ ይዟል። ሦስቱም ከአንድ ገበያ ይምጡ እንጂ ዛሬ ሥራቸው የተለያየ ነው።

«ዌይ» ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሚነጻጸሩ ነገሮች ሲኖሩ ብቻ ይሠራል። ጥቅምና ጉዳት፣ አማራጮች፣ ወጪና ገቢ ይመዘናሉ፤ እንግሊዞች ብዙ ጊዜ «አፕ» ጨምረው «ዌይ አፕ» ይላሉ። የወጣቱ «ሳወጣ ሳወርድ» ከዚህ ግስ ጋር ልክ ይገጥማል፤ የሚወጣውና የሚወርደው የሚዛኑ ሁለት ወገን ነውና።

«ፖንደር» ላይ ሚዛኑ ቀርቷል፣ ክብደቱ ግን አለ። ፈጥኖ መልስ የማይገኝለትን ጥያቄ በዝምታና በዝግታ መያዝ ማለት ነው፤ ለ«አሰላሰለ» ከሁሉም የሚቀርበው እርሱ ይመስለኛል። ጥያቄን፣ የአንድን ንግግር ትርጉም፣ ቀጣዩን እርምጃ «ፖንደር» ማድረግ ይቻላል። ጥቂት የመጽሐፍ ሽታ ስላለው ለጓደኛ በሚላክ አጭር መልእክት ውስጥ ወይ ጨዋታ ይመስላል ወይ ይከብዳል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ፖንደረስ» የሚለው ቅጽል ግን ወጥመድ ነው፤ አንዳንዶች «አስተዋይ» ማለት መስሏቸው ሰው ያወድሱበታል፣ ትርጉሙ ግን ከባድ፣ የሚጎተትና የሚያሰለች ማለት ነው። አለቃዎን «ፖንደረስ» ብለው ካመሰገኑት ምስጋናው ቢቀርበት ይሻለው ነበር።

«ዴሊበሬት» ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ግስ በአመዛኙ የጉባኤ ቃል ነው፤ አማርኛው «መከረበት» ነው፣ «ምክር ቤት» የሚለው ስያሜያችንም ይህንኑ ሐሳብ ይዟል። በአገራችን ችሎት የሚሰየሙት ዳኞች እንጂ የጁሪ አባላት ስላልሆኑ ብዙዎቻችን ቃሉን በሥራ ላይ የምናየው አሜሪካ ዜግነት ወስደን የጁሪ መጥሪያ በፖስታ ሲደርሰን ነው። ክርክሩ ሲያልቅ የጁሪው አባላት ወደ አንድ ክፍል ገብተው በር ተዘግቶባቸው ይነጋገራሉ፤ ያ መነጋገር «ዴሊበሬሽን» ይባላል። አንድ ሰውም ብቻውን «ዴሊበሬት» ሊያደርግ ይችላል፣ ግን በራሱ ውስጥ ጉባኤ የሰበሰበ ያህል ነገሩን በሥርዓት ካየ ነው። ቃሉ በቅጽልነት ሲመጣ አጻጻፉ ሳይለወጥ የመጨረሻው ክፍለ ቃል አነባበብ ይለወጣል፤ ግሱ «ዴሊበሬይት» ሲባል ቅጽሉ «ዴሊበረት» ይባላል፣ ትርጉሙም «ሆን ተብሎ የተደረገ» ይሆናል። ማሰብ እንዴት ወደ ሆን ብሎ ማድረግ ተሻገረ የሚል ቢኖር፣ የራሳችንን «አስቦበት ነው ያደረገው» ያስታውስ፤ እኛም በዚሁ መንገድ ሄደናል።

ሦስተኛ፦ ማኘክ ወይስ ማብላላት ነው?

በሬ የዋጠውን ሣር ከሆዱ መልሶ በአፉ ሲያመላልስ ያያችሁት ሁሉ «ሩሚኔት» የሚለውን ግስ ታውቁታላችሁ። ቃሉ የመጣው ከከብት የመጀመሪያው የሆድ ክፍል ስም ሲሆን ትርጉሙ ማመስኳት ነው፤ ሰኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ይበላ ዘንድ ከሚፈቅደው የኦሪት ሕግ ጋር ያደገ አንባቢ ከእንግሊዞቹ ይልቅ ለቃሉ ይቀርባል ማለት ይቻላል። ቀድሞ ይህ ግስ በጸጥታ ደጋግሞ ማሰብ ማለት ብቻ ነበር፣ አሁንም በድርሰት ውስጥ በዚህ ፍቺ ይገኛል። ይሁንና በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ የራስን ኀዘንና ጉድለት እያመላለሱ፣ ወደ መፍትሔ ሳይደርሱ፣ መብሰልሰል ማለት ሆኗል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ባሳተመቻቸው ጥናቶች ይህ ዓይነቱ መብሰልሰል ከድባቴ ጋር ያለውን ትስስር ካሳየች ወዲህ ቃሉ ከሐኪም ቤት ወጥቶ በዕለት ንግግር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ወጣቱ «ሁለት ዓመት ሩሚኔት አደረግሁ» ብሎ ሲጽፍ የቅበላ ኮሚቴው የሚያየው አስተዋይ አመልካች ሳይሆን እንቅልፍ ያጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

ለ«አብላላ» የሚስማማው «መል ኦቨር» ነው። ሊጥ ወይም ጥንስስ እየተብላላ እንደሚቆይ፣ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ሳይቸኩሉ ጥቂት ቀን ማቆየትን ያሳያል። ክብደቱ መካከለኛ ስለሆነ ለሥራ ባልደረባም ለአለቃም ይሆናል። የጋዜጣ ርእስ ጸሐፊዎች አጭርነቱን ወደውት «ኦቨር» የሚለውን ቆርጠው «መል» ብቻ ይላሉ፤ አዲስ አበባ በሚታተሙ የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም መንግሥት አዲስ ግብር ሲያስብ ይህንኑ ግስ ያያሉ። ከርእስ ውጭ ግን «ኦቨር» አይቅርበት። «ቹው ኦቨር» ከዚሁ ቤተሰብ ሲሆን የቤትና የቡና ወግ ቃል ነው፤ በመደበኛ ጽሑፍ ባይገባ ይሻላል።

አራተኛ፦ ማሰቡ የሚያም ከሆነ በስሙ ይጥሩት

እኔን ያዋረደኝ «ብሩድ» ዶሮ ዕንቁላሏን ከምትታቀፍበት ተግባር የመጣ ነው። ዶሮዪቱ 21 ቀን ያህል ክንፏን ዘርግታ፣ ላባዋን ነፍታ፣ የሚጠጋትን ሁሉ እየጎነተለች ትቀመጣለች፤ ሰውም ቅሬታውን ወይም ሥጋቱን እንደዚያ ሲታቀፍ «ብሩድ» ያደርጋል። «ቆዘመ» እና «ተከዘ» ለሚሉት ይህ ግስ ጥሩ ነው፤ ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው ያለ እርሱ አይሆንለትም። በሥራ ደብዳቤ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

«ድዌል ኦን» ከእርሱ ይለዝባል። «ድዌል» መኖር፣ ማደር ማለት ስለሆነ፣ ነገሩ ላይ ቤት ሠርቶ መቀመጥ ነው፤ «ነገር በልቡ አሳደረ» ከምንለው ብዙም አይርቅም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአሉታ ነው፤ በፈተና የወደቀን ልጅ የሚያጽናና ሰው «ዶንት ድዌል ኦን ኢት» ሲል «እርሳው፣ አታብሰልስለው» ማለቱ ነው። «አጎናይዝ» ደግሞ ውሳኔው ራሱ የሚያሠቃይ ሲሆን ነው፤ የታመመች እናትን አገር ቤት ትቶ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያመነታ ሰው «ዌይ» አደረገ ቢባል ቃሉ ይቀዘቅዝበታል።

አምስተኛ፦ ዐይን ያለበትን ማሰብ ይለዩ

የቀሩት ዋና ዋና ግሶች ከማየት ጋር ይዛመዳሉ። አማርኛም «አስተዋለ»፣ «ተመለከተ»፣ «አየው» እያለ ማሰብን በማየት ስለሚናገር እዚህ ብዙ አይቸገሩም።

«ኮንቴምፕሌት» በጥንት ሮም የወፎችን በረራ እያዩ ፈቃደ አማልክትን የሚተነብዩ ካህናት ለማየት ከወሰኑት ቦታ ስም የወጣ ነው፤ ዐይንን ሳይነቅሉ መመልከት አለበት። በዚህ ፍቺው «ተመሰጠ» ነው፣ የመናንያን ሕይወትም በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። ሁለተኛው አገልግሎቱ በሥራ ላይ ይበልጥ ይገኛል፦ አንድ ከባድ እርምጃ ለመውሰድ ማሰብ። ጡረታ መውጣት፣ መፋታት፣ አገር መልቀቅ «ኮንቴምፕሌት» ይደረጋል። ምሳ መብላት አይደረግም፣ ለቀልድ ካልሆነ በቀር።

«ኮንሲደር» የቢሮ ቃል ነው፤ ማመልከቻን፣ ጥያቄን፣ አማራጭን ከግምት ማስገባት። ጥልቀቱ የሚመጣው በተጨማሪ ቃል ነው፤ «ኬርፉሊ» ካልተጨመረበት ለአንድ ደቂቃ ማየትም «ኮንሲደር» ነው። የሥራ ማመልከቻ የላከ ሰው «አፍተር ኬርፉል ኮንሲደሬሽን» የሚል መልስ ሲደርሰው የሚቀጥለውን መስመር ሳያነብ ያውቀዋል። የእኛም «እስቲ ላስብበት» አንዳንዴ እንደዚያው ነው፤ «አይሆንም» ማለት ያፈረ ሰው መውጫው ነው።

«ሪፍሌክት» ወደ ኋላ መታጠፍን ይናገራል፤ መስታወት ብርሃንን እንደሚመልስ ሰው ወደ አለፈው ዘወር ብሎ ራሱን ሲያይ። «መለስ ብዬ ሳስበው» የሚለው አነጋገራችን ከመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ይልቅ ይገልጸዋል። ይህን ግስ ዛሬ ብዙ ሐበሾች በኑሯቸው ይገናኙታል፤ በእንግሊዝ የሚሠሩ ነርሶች በየ3 ዓመቱ ምዝገባቸውን ሲያድሱ ከሚጠየቁት መካከል 5 የ«ሪፍሌክሽን» ጽሑፎች አሉበትና። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሆነውን በዝርዝር ይተርካሉ፣ «ታካሚው መጣ፣ መድኃኒቱን ሰጠሁ፣ አመሰገነኝ» ይላሉ፣ ያቆማሉ። ግሱ የሚጠይቀው ግን ትረካውን አይደለም፤ ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ፣ አሁን ሲያዩት ምን እንደተሳሳቱ ወይም እንደተማሩ፣ ከዚያ በኋላ አሠራራቸው በምን እንደተለወጠ ነው። «ሪፍሌክት» ያለ «ኦን» ሲመጣ «ያንጸባርቃል፣ ያሳያል» ማለት ሊሆን ስለሚችል ያቺን ትንሽ ቃል አይርሷት።

«ሜዲቴት» ዛሬ በአብዛኛው ዐይን ጨፍኖ የመቀመጥ ልምምድ ስም ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ የሚያስብ ሰው «ሜዲቴት» አያደርግም። «ሚዩዝ» ቀለል ያለ፣ ግማሹ ለራስ የተነገረ ሐሳብ ነው፤ በልብ ወለድ ውስጥ የሰውን ቃል ጠቅሶ «ሲል ከራሱ ጋር አወጋ» ለማለት ይመቻል። «ኮጂቴት» የሚለውን ደግሞ ሰው ለመሳቅ ካልፈለገ በቀር አይጠቀምበትም።

ስድስተኛ፦ የግሱን ጭራ ያስተካክሉ

ግሱ ትክክል ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ የሚሰበረው ከግሱ ቀጥሎ በሚመጣው ነው። ከአማርኛ የምናመጣው ትልቁ ስሕተት «ለመሄድ አሰብሁ» ከሚለው ይነሣል። የእኛ «ለ» በእንግሊዝኛ «ቱ» ይመስለናልና «ኮንሲደር ቱ ጎ»፣ «ኮንቴምፕሌት ቱ ሊቭ» እንላለን። ሁለቱም ግሶች የሚወዱት በ«ኢንግ» የሚያልቀውን ነው፦ «ኮንሲደር ጎይንግ»፣ «ኮንቴምፕሌት ሊቪንግ»። «ወይስ» ያለበት ሐሳብ ሲሆን «ዌዘር ቱ» ያስገቡ፤ «ዌይ»፣ «ፖንደር» እና «ዴሊበሬት» ከእርሱ ጋር ይስማማሉ።

ቀጥሎ «ኦቨር» አለ፣ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ከግሱ ጋር የተጋባ ስለሆነ «ኢት» የሚለው ተውላጠ ስም የግድ በመካከላቸው ይገባል፦ «ቲንክ ኢት ኦቨር»፣ «መል ኢት ኦቨር»፣ «ተርን ኢት ኦቨር»። ይህ የመጨረሻው «ነገሩን አገላበጠው» ከምንለው ጋር በምስሉ ሳይቀር አንድ ነው። በሁለተኛው ዓይነት «ኦቨር» ተራ መስተዋድድ ስለሆነ ተውላጠ ስሙ ከኋላው ይቆማል፦ «ብሩድ ኦቨር ኢት»፣ «ፖንደር ኦቨር ኢት»፣ «አጎናይዝ ኦቨር ኢት»። «መል ኦቨር ኢት» ያለ ሰው ይገባል፣ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። እዚሁ ላይ «ፖር ኦቨር» የሚባል አለ፤ ጽሑፍን ወይም ሰነድን አቀርቅሮ መመርመር ሲሆን፣ ውኃ ማፍሰስ ከሚለው ቃል ጋር ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ ግን ልዩ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው እያምታቱ ሰነድ ላይ ውኃ ያፈስሳሉ።

«ሪፍሌክት»፣ «ሜዲቴት» እና «ድዌል» «ኦን» ይፈልጋሉ። «ሩሚኔት» እና «ሚዩዝ» «ኦን»ንም «አባውት»ንም ይቀበላሉ። «ኮንሲደር»፣ «ኮንቴምፕሌት» እና «ዌይ» ምንም አይፈልጉም፤ «ኮንሲደር አባውት» የሚለውን ከጽሑፍዎ ውስጥ ፈልገው ያጥፉት።

ሰባተኛ፦ «ቲንክ» ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ

ይህን እርምጃ መጨረሻ ላይ ያኖርሁት ሆን ብዬ ነው። ግሶቹን ካወቁ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ቀላሉ ቃል ሆኖ ይገኛል። «ቲንክ» ብቻውን ደካማ የሚመስለው «ይመስለኛል» የሚለውን ሥራም ስለሚሠራ ነው፤ «አይ ቲንክ» አስተያየት ነው፣ «አይ አም ቲንኪንግ» ግን አሁን የያዙት ሐሳብ ነው። ጥልቀት ከፈለጉ ጭራ ይጨምሩለት። «ቲንክ ኢት ስሩ» ሐሳቡን እስከ መዘዙ ድረስ መከተል ነው፣ «ስሊፕ ኦን ኢት» ደግሞ የኛው «ይደር» ነው፤ ዛሬ አይወሰን፣ ሌሊቱ ይለፍበት ማለት ነው። ለዚያ መሥሪያ ቤት ያን ቀን መጻፍ የነበረብኝ «አይ ውድ ላይክ ቱ ዴይስ ቱ ቲንክ ኢት ኦቨር» የሚል፣ አንድም ብርቅ ቃል የሌለበት ዐረፍተ ነገር ነበር።

የአይልትስ ተፈታኞች እዚህ ላይ ይከራከሩኛል፤ «ብርቅ ቃል ካላስገባሁ ውጤቴ ዝቅ ይላል» ይላሉ። የጽሑፍ ፈተናው የሚታረምባቸው መለኪያዎች አራት ሲሆኑ የቃላት ሀብት ከአራቱ አንዱ ነው፣ ድርሻውም 25 በመቶ ነው። ይህ መለኪያ ራሱ ደረጃ 7 ላይ ያልተለመዱ ቃላትን ሲጠይቅ የአጻጻፍ ደረጃቸውንና ከማን ጋር እንደሚሄዱ ማወቅን ጨምሮ ነው። 250 ቃል በሆነ ድርሰት ውስጥ በቦታው የገባ አንድ «ዌይ» ያለ ቦታቸው ከገቡ ሦስት «ኮጂቴት» ይሻላል።

ስምንተኛ፦ በሌሎች ጽሑፍ ይፈትኑትና ጮክ ብለው ያንብቡት

የመረጡት ግስ ከየትኞቹ ስሞች ጋር እንደሚሄድ ለማየት ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ የኦክስፎርድ፣ የካምብሪጅና የሎንግማን እትሞች በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ፣ ከፍቺ ይልቅም ምሳሌዎቹን ያንብቡ። ከዚህ የጠለቀ ማረጋገጫ የሚፈልግ ተርጓሚ ኮካ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍ ክምችት ይጎብኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2019 ያሉ፣ ከ1 ቢሊዮን ቃል በላይ የሚሆኑ ጽሑፎችና ንግግሮች ተሰብስበውበታል። ግሱን ጽፈው ከኋላው የሚመጡትን ስሞች ቢጠይቁት በድግግሞሽ ቅደም ተከተል ያሳይዎታል፤ ያሰቡት ስም እዚያ ከሌለ ግሱን ይቀይሩ።

ንግግር ከሆነ ጫናውም ያስፈልጋል። አማርኛ ክፍለ ቃላትን ከሞላ ጎደል በእኩል ጉልበት ስለሚያነብ እነዚህን ረጃጅም ግሶች ጠፍጣፋ እናደርጋቸዋለን። «ኮንቴምፕሌት»፣ «ሜዲቴት» እና «ሩሚኔት» ጉልበታቸው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፤ «ኮንሲደር»፣ «ሪፍሌክት» እና «ዴሊበሬት» ግን በሁለተኛው ላይ ነው። ወደ ስም ተለውጠው በ«ሽን» ሲያልቁ ጉልበቱ ከ«ሽን» በፊት ወዳለው ክፍል ይሸጋገራል።

ወደ ወጣቱ ደብዳቤ ስንመለስ፣ ዐረፍተ ነገሩ በመጨረሻ «አይ ስፔንት ቱ ይርስ ዌይንግ ዌዘር ቱ ሊቭ ማይ ጆብ» ሆነ። «ዌይንግ» የእርሱ «ሳወጣ ሳወርድ»፣ «ዌዘር» የእርሱ «ወይስ» ነው። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ ስለ መጀመሪያ የሥራ ዓመቱ የጻፈበትን ቦታ ወደ «ሪፍሌክቲንግ ኦን» ቀየርነው፤ ያለፈውን መለስ ብሎ የሚያይበት ነበርና። ከቀሩት አምስት «ቲንክ»ዎች ሁለቱን ሰረዝን፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ያለ እነርሱም ይቆሙ ነበር። ሦስቱን እንዳሉ ተውናቸው።